ስልጠና ላይ ነን

ሮቤ ከተማ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ በር ላይ ባነር ተሰቅሎ ካያችሁ፣ ውስጥ ፍቅረሥላሴ መኖሩን ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። አለ። ኮቱን ቆልፎ፣ ማይክራፎኑን አፉ ሥር ወትፎ፣ «የማኅበረሰቡ ፍላጎት ተቀይሯል! እኛም አብረን መቀየር አለብን!» እያለ ነው። ይህቺን ቃል ከመደጋገሙ የተነሳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሻይ ሲጠጡ ድምፁን እያስመሰሉ ይሳሳቁባታል። እሱ ግን ባላት ቁጥር እንደ አዲስ ደረቱን ይነፋል።

የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ድሮ የባሌ ሰው በወሊድ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ነበር የሚያልቀው። እነዚህ ሴቶች የሠለጠኑትም ለዚያ ነው፤ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ሕፃን ማስከተብ፣ ነፍሰ ጡር መከታተል። ዛሬ ሕፃኑ ተከትቦ ያድጋል፣ እናትየዋም ጤና ጣቢያ ትወልዳለች፤ አያትየው ግን በስኳርና በደም ግፊት ቤት ውስጥ ተኝቷል። የሲናና ገበሬ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭድለታል፣ ገበያ ባጃጅ ያደርሰዋል፣ ሻዩን እንደ ሽሮፕ አጣፍጦ ይጠጣል። ሐኪም ቤት ያለው ጎባ ነው፤ ስለዚህ በየቤቱ እየዞረ የሽማግሌ እግር የሚያይ፣ ግፊት የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከፍቅረሥላሴ የተሻለ አሳምሮ የሚናገር አንድ ሰው በዞኑ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። መናገር ከሆነማ!

ተወልዶ ያደገው ከሲናና ወዲያ፣ በስንዴ መሀል ባለች አንዲት መንደር ነው። አባቱ ገና ልጅ ሳለ ሞቱ። እናቱ ይርጋለም ጠላ ሸጣ፣ የሰው ገብስ አበጥራ፣ ራሷ አሮጌ ለብሳ እሱን አዲስ አልብሳ አስተማረችው። ጎባ ሄዶ በነርስነት ሲመረቅ መንደሩን ሁሉ ጠርታ ደገሰች። «ልጄ ሐኪም ሆነ» አለች። ነርስ ነው ቢሏት ማን ይሰማል።

የመጀመሪያ ምድቡ አንገቱ በምትባለው ከተማ በኩል፣ ጫካ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ሆነ። እዚያ ምን ገጠመው? ቁስል ገጠመው! ነርስ ሆኖ ቁስል ይገጥመኛል ብሎ አላሰበም መሰለኝ። መጥረቢያ የቆረጠውን የአንድ ቡና ለቃሚ እግር እጠብ ተብሎ፣ ጨርቁን ገና ከመግለጡ ሮጦ ወጣና ቡና ዛፍ ሥር አስታወከ። ቁስሉን የጽዳት ሠራተኛዋ አጥባ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ፍቅረሥላሴ የጫካው እርጥበት አልተስማማኝም አለ፤ ሳይነስ አለብኝ አለ፤ እናቴ ብቻዋን ናት አለ። ብሎ ብሎም ሮቤ ከተማ ጤና ቢሮ ገባና የስልጠና አስተባባሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በእጁ የነካው በሽተኛ የለም። ሲጠየቅም፣ «አንድ በሽተኛ ከማከም፣ ሺህ የሚያክሙትን ማሠልጠን ይበልጣል» ይላል። አይ ፍቅረሥላሴ! ይህችን ያገኘ ሰው እንዴት ደስ አይበለው።

እናቱንማ ምን ልበላችሁ፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። «ልጄ የሐኪሞች አስተማሪ ነው» ማለት ጀመረች። እሷም ዕድሜዋ ሲገፋ ስኳር ያዛትና ጎባ ተመርምራ ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኗን በሰዓቷ ትውጣለች፤ እሱ ደግሞ ወደ አንገቱ ለመስክ በወጣ ቁጥር አንድ ጣሳ የጫካ ማር ይዞላት ይመጣል። ለእናት ባዶ እጅ አይገባማ! ማር ስኳር አይደለም ወይ ብትለው፣ «የጫካ ማር መድኃኒት ነው እማዬ፣ ይሄ ከፋብሪካው ስኳር ጋር አይገናኝም» አላት። የሐኪሞች አስተማሪ ነው እንዲህ ያለው።

የመንደሯን ጤና ኬላ የያዘችው ኢፍቱ ናት። ኢፍቱም ብትሆን መልአክ አይደለችም። ሮቤ ስልጠና ሲባል ጫማ ለመግዛት ደስ ይላታል፤ አዳራሽ ውስጥም የኋላ ወንበር ይዛ ለሽ ብላ ትተኛለች። መንደር ውስጥ ግን እግሯ አያርፍም። የስኳር መለኪያ ማሽን ተሰጥቷታል፤ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ነገር ካለቀ ቆይቷል፤ ጠይቃ ጠይቃ ሰልችቷታል። ስለዚህ ባላት ዐይን ትሠራለች። በይርጋለም በር ስታልፍ ጎራ ትላለች፣ «እማማ፣ እግርዎን ያሳዩኝ» ትላለች፣ በየጣቱ መሀል ታያለች፣ ተረከዙን ታገላብጣለች፣ ከዚያ ቆሎዋን ዘግና ትሄዳለች። ይርጋለምም ለምዳታለች። እግሯ እንደ ዐይኗ ነው፤ በዚያ እግር ነው ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፣ ዶሮዎቿን የምታባርረው፣ ማንንም ሳታስቸግር የምትኖረው። «ሰው ላይ ከመውደቄ በፊት ይውሰደኝ» ብላ ነው ዘወትር የምትጸልየው።

ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ ፍቅረሥላሴ በሕይወቱ ትልቁን ስልጠና አዘጋጀ። ርዕሱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ የስኳር በሽተኛን እግር ቤት ለቤት እንዴት መከታተል እንደሚቻል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁሉ፣ ከየቀበሌው፣ አንዲትም ሳትቀር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሮቤ እንዲከርሙ ጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ካልታየ ስልጠና ስልጠና አይመስለውም። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ ፎቶ አለ፤ ባዶ ወንበር ፎቶ ላይ ያስጠላል።

ኢፍቱ ደወለችለት። «አቶ ፍቅረሥላሴ፣ አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ወልዳ ቤቷ ናት። ጤና ኬላው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለሚቀጥለው ዙር ልምጣ?»

«ሁሉም ይገኛሉ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ ኢፍቱ።»

«እሺ፣ በሩን ማን ይክፈተው?»

«በሩ የት ይሄዳል? ስትመለሺ እዚያው ታገኚዋለሽ» ብሎ በገዛ ቀልዱ ሳቀ።

የስልጠናው ዋዜማ ፍቅረሥላሴ ባነር ማተሚያ ቤት ቆሞ ይጨቃጨቃል። ስሙ ከሥር በትንሽ ፊደል ተጽፎ፣ አንብቡልኝ ቢል ማንም የማያነበው ሆኖበት ተንጨርጭሯል። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት። ስልክ መደወል አትችልም፤ የደወለላት ጎረቤቷ ረዲ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳው። ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘላት።

«ፍቅሬ፣ እግሬ እንጨት ሆነብኝ ልጄ። ብቆነጥጠውም አይሰማኝ።»

«ብርድ ነው እማዬ።»

«ብርድ ነው?»

«ብርድ ነዋ! ይሄ የሲናና ብርድ ማንን ይምራል። ሞቅ ሞቅ አድርጊው፣ ይተውሻል።»

«ለኢፍቱ ላሳያት?»

«ኢፍቱ እኔ ጋ ለስልጠና እየመጣች ነው። ስትመለስ ታይሻለች። በይ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለና ዘጋው። ከዚያም ወደ አታሚው ዞሮ፣ «ስሜን አሳድገው ስልህ አትሰማም?» አለ።

ስኳር የያዘው እግር ሲደነዝዝ ብርድ አይደለም፤ ሕመሙን የሚናገረው ነርቭ ሞቶ ነው። እንዲህ ያለ እግር እሳት ቢበላው ባለቤቱ አይሰማውም። የባሌ ደጋ ሰው ደግሞ እግሩ ሲደነዝዝ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፤ ወደ እሳት መጠጋት። ለዚህ ነው እግር ማሞቅ በዚህ አገር የስኳር በሽተኛ ጠላት የሚሆነው። ፍቅረሥላሴ ይህን አያውቅም እንዳትሉ! ያውቃል። ለነገ ባዘጋጀው ስላይድ ላይ በቀይ ፊደል፣ «እግር ሲደነዝዝ በእሳትም ሆነ በትኩስ ነገር አያሙቁ» ብሎ ጽፎታል። ለአዳራሽ የሚያውቀው ሌላ፣ ለእናቱ የሚያውቀው ሌላ ነው።

ይርጋለም የልጇን ቃል መሬት አትጥልም። የሐኪሞች አስተማሪ ሞቅ አድርጊው ካለ ሞቅ ይደረጋል። ጡብ እሳት ውስጥ ከታ አጋለች፣ በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠቀለለችው፣ ሁለት እግሯን ጫነችበትና ጋደም አለች። ደስ አላት። ልጇ እንዲህ ስለሚያስብላት መረቀችው።

ጠዋት ስትነሳ የቀኝ እግሯ ቆዳ ከጋቢው ጋር ተላጠ። አየችውና ደነገጠች፤ ግን አያማትም። ካላመመማ ምን አላት! ነጠላ ጠምጥማ፣ ዱላዋን ይዛ ጤና ኬላው ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከቁልፉ በላይ ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ አትችልምና አንድ መንገደኛ አነበበላት። «ስልጠና ላይ ነን ይላል እማማ።»

«እሰይ፣ ልጄ ጋ ናታ!» ብላ ተደስታ ተመለሰች።

በማግስቱም ሄደች፤ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም። ልጇን ልታስደውልለት አሰበችና ሥራ ላይ ነው ብላ ተወችው። የሚደውልላትም ረዲ ሮቤና ጎባ መሀል ሲመላለስ ሰንብቶ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰው የስልጠናው ማብቂያ ቀን ጠዋት ነው። ሰላም ሊላት በሯን ገፋ ሲያደርግ ሽታው ፊቱን መታው።

«ያ ረቢ! እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምንም አይደል፣ ትንሽ ተላጠ እንጂ አያመኝም እኮ።»

ረዲ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። ጣቶቿ ጠቁረዋል። አንስቶ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጣትና ነዳ። የት ይውሰዳት? ኢፍቱም ልጇም ያሉት አንድ ቦታ ነው። ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ወሰዳት።

አዳራሹ ውስጥ ፍቅረሥላሴ በሽተኛ አጥቶ እየተቸገረ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ የተግባር ልምምድ የሚል አለ፤ የስኳር በሽተኛ እግር አምጥቶ ሴቶቹ እያገላበጡ እንዲማሩ ነበር ሐሳቡ። ማምጣቱን ግን ረስቶታል። እንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «በተግባር የሚታይ ታማሚ ማግኘት ስላልተቻለ በሥዕል እንቀጥላለን» አለና የፈረንጅ እግር ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ባሌ ውስጥ እግር የጠፋ ይመስል! ቀዩን ጽሑፍም እንዲህ ሲል አነበበው፤ «እግር ሲደነዝዝ በእሳትም ሆነ በትኩስ ነገር አያሙቁ። ይህ መሠረታዊ ነገር ነው። ይህንን ለማኅበረሰቡ ማስረጽ አለብን።»

በሩ ተከፈተ። ረዲ ይርጋለምን በጀርባው አዝሎ ገባ። እሷም ከጀርባው ላይ ሆና አዳራሹን ሁሉ እየዞረች፣ «እንደምን ዋላችሁ ልጆች፣ አካም ጅርቱ፣ አትነሡ፣ አትነሡ» ትላለች።

ፍቅረሥላሴ ፊቱ ደም መሰለ። እንግዶቹን አየ፣ እናቱን አየ፣ የተንጠለጠለውን ነጠላ አየ። ማይክራፎኑን ከአፉ ሳያርቅ፣ «እማዬ፣ ስልጠና ላይ ነን እኮ!» አለ። ድምፁ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ወጣ።

ኢፍቱ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። እንቅልፏ የት እንደገባ አልታወቀም። ወንበር አስተካክላ ይርጋለምን አስቀመጠቻት፣ ተንበረከከች፣ ነጠላውን ፈታችው። ሽታው አዳራሹን ሞላው። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡና ከበቡ፤ እንግዶቹ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ፍቅረሥላሴ አንድ እርምጃ ወደ እናቱ ተራመደ፣ እግሩን አየ፣ ከዚያ አፉን በእጁ ይዞ በጓሮ በር ሮጦ ወጣ። ይህንን ሩጫ ያኔ አንገቱ ጤና ጣቢያ አይተነዋል።

«ተነሥ ረዲ፣ ጎባ!» አለች ኢፍቱ። ይርጋለም ግን ስታነሣት አንገቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ስልጠናውን አቋረጥኩባችሁ አይደል? ፍቅሬ የት ሄደ? ይቀጥል በሉት» ትላለች። በመንገድ ላይ ረዲ አላስቻለውም። ስልኩን ራሱ ይዞላት እንደነበር፣ ሞቅ ሞቅ አድርጊው ያላት ማን እንደሆነ ለኢፍቱ ነገራት። ኢፍቱ የይርጋለምን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ ጎባ እስኪደርሱ እንባዋን በመዳፏ ስትጠርግ ነበር።

ፍቅረሥላሴም በቢሮ መኪና ተከትሏቸው ጎባ ሆስፒታል ደረሰ። ሐኪሙ እግሩን አይቶ፣ «ትኩስ ነገር ነው ያቃጠለው። እናቴ፣ አሙቂው ያለሽ ማነው?» ብሎ ጠየቃት።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ቆመዋል፤ ሐኪሙ፣ ልጇ፣ ኢፍቱ፣ ረዲ። ይርጋለም ልጇን አየችው። ኮቱን፣ ክራቫቱን፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የአሠልጣኝ ባጅ አየች።

«ማንም አላለኝ ልጄ» አለች። «የገዛ ጅልነቴ ነው።»

እሱ አፉን ከፈት አደረገ። ኢፍቱ አፉን አፉን ታየዋለች። መልሶ ገጠመውና ጫማውን ተመለከተ።

እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጡት። ፍቅረሥላሴ የሆስፒታሉ አጥር ጥግ ሄዶ አለቀሰ። ማልቀሱንስ አለቀሰ፤ ከልቡ አለቀሰ፤ ሐሰት መናገር አይገባም። እንዲህ ያለቀሰ ሰው ከዚያ በኋላ ሐቅ ከአፉ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን ፍቅረሥላሴን አያውቀውም። ይርጋለም መንደሯ ገብታ በክራንች መሄድ ስትለማመድ፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ሰው ላይ ወድቄ ቀረሁ እያለች በየቀኑ ስትተክዝ፣ እሱ ያቺን ሞቅ ሞቅ አድርጊው ያላትን ቃል በወሬ አንድም ጊዜ አላነሣትም። ቁስሉን አጥባ የምታስረው ኢፍቱ ናት።

ከዚያ ምን ሆነ አትሉም? ሌላ ስልጠና ተጠራ! የማደሻ ስልጠና። ያው አዳራሽ፣ አዲስ ባነር፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ስም። ኢፍቱ አሁንም በሩን ማን ይክፈት አለች፤ አሁንም ሁሉም ይገኛሉ ተባለች። በሩን ቆልፋ፣ ወረቀቷን ለጥፋ መጣች። የዚህን ቀን ግን ፊት ወንበር ተቀመጠች።

ፍቅረሥላሴ ማይክራፎኑን ያዘ። «የማኅበረሰቡ ፍላጎት ተቀይሯል!» አለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ የጠቆረ እግር ወጣ። የዛሬው የፈረንጅ አይደለም። ሐኪም ቤት ሳለ በስልኩ ያነሣው ነው። ባለፈው ተቸግሮ አልነበረም ወይ? ዛሬ በሽተኛ አገኘ።

«አንዲት እናት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በግንዛቤ እጥረት ምክንያት፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ የደነዘዘ እግራቸውን በጋለ ጡብ አሞቁ። ውጤቱ ይኸው ነው። ማኅበረሰባችን ባለሙያ የማማከር ልማድ የለውም።»

ኢፍቱ እጇን አወጣች።

«ማንንም ሳያማክሩ ነው ያሉት?»

«አዎ… ማለቴ…»

«እማማ ይርጋለም ስልክ ደውለው ነበር እኮ። ረዲ ነው ይዞላቸው የነበረው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ብርድ ነው፣ ሞቅ ሞቅ አድርጊው ያላቸው ማነው አቶ ፍቅረሥላሴ?»

 ፍቅረሥላሴ ማይክራፎኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ግድግዳው ላይ የእናቱ እግር አለ፤ ወደዚያ መዞር አልቻለም። ሰው ነውና ለአፍታ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ እኔ ነኝ ይላል ብለው ጠበቁት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን። ለሻይ እንውጣ።»

ለሻይ የተነሣ አልነበረም። የተነሣችው ኢፍቱ ብቻ ናት። ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አነገተችና ወደ በሩ አመራች።

«ኢፍቱ! ስልጠናው አላለቀም! ወዴት ነው?»

«በሩን ልከፍት» አለችው። «የእናትዎ ቁስል የሚታሰርበት ቀን ነው። ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው።»